የአባቴ ፍላጻዎች

ፍላጻ ዒላማውን ሲስት ጥፋቱ የእጅ ነው ያላችሁ ማን ነው? አባቴ ፍላጻዎቹን በጣቶቹ እያጎበጠ፣ በቀስቱ ጎን ተለምጦ የሚያልፈውን ብቻ ይመርጥ ነበር። የቀስት ክበባችን ሊቀ መንበር ግን ለሁሉም አንድ ዓይነት ገታራ ፍላጻ አደለ፤ የአባቴ ሁሉም ወደ ግራ ሳተ።

«አባባ፣ እጅዎ ከድቶዎታል፤ ከእንግዲህ የልጅ ልጅ ይታቀፉበት» አለው ሊቀ መንበሩ። አባላቱ ሳቁ። አባቴ ቀስቱን ሰቀለ። እኔ ልጁም አምኜ፣ እስኪሞት ድረስ ሻዩ እንዳይደፋበት ግማሽ ብርጭቆ ብቻ እቀዳለት ነበር።

ከቀብሩ በኋላ፣ ከሌሎቹ አባላት ቀስት ይልቅ ልል በሆነው በእሱ ቀስት ሞከርኩ። የታደሉት ፍላጻዎች በእኔም ጤነኛ እጅ ወደ ግራ ሄዱ፤ እሱ የመረጣቸው መሃሉን መቱ። ሊቀ መንበሩ በሳቁት አባላት ፊት ቆሞ ይመልስ፤ የአባቴ እጅ መቼ ከዳው?