የላኤው ማሽን ሰዓት

ኬፓስ ናዎንግ የአጎቱ ለቅሶ ቤት ዘጠኝ ቀን ከርሞ፣ ለሐዘን ያሳደገውን ጢም ሳይላጭ፣ ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ላኤ ከተማ ወዳለው ቢሮ ገባ። ማንንም ሰላም ሳይል ጥግ ላይ ወደተቀመጠው ትልቁ ማሽን ሄደ። የቢሮው ፋይል ሁሉ የሚከማቸው እዚያ ነው። ማሽኑ ላይ የተጻፈውን ቀን አየ። ጥር አምስት ይላል። ዓመቱም የዛሬ አስራ አምስት ዓመት፣ ማሽኑ ከፋብሪካ የወጣበት።

«መብራት ሄዶ ነበር?»

«የማይሄድበት ቀን አለ እንዴ?» አለች ዶርከስ ከሥራዋ ቀና ሳትል። ቢሮው የሚያሠራው የዋሩ ድልድይ መሐንዲስ ናት፤ በዕድሜ ልጁ ስለምትሆን አጎቴ ትለዋለች። «ሐሙስ ሄዶ ማታ መጣ። ምነው አጎቴ፣ ለቅሶ ቤት መብራት ናፈቀህ?»

ኬፓስ የፋይሎቹን ዝርዝር ከፈተ።

ከላኤ ዋናው ቢሮ ወዳለበት ወደ ሞርስቢ የመኪና መንገድ የለም፤ መሃሉ ተራራ ነው። ኬፓስ አስራ አንድ ዓመት ሙሉ የሁለቱን ቢሮዎች ፋይል በከረጢት ይዞ በአውሮፕላን ሲመላለስ ኖሯል። ኋላ ይህ ማሽን መጣ። በየሰዓቱ የሞርስቢውንና የላኤውን ማህደር እያነጻጸረ፣ ቀኑ አዲስ የሆነውን ፋይል በአሮጌው ላይ ይተካል። ባሕር ተሻግሮ ብሪዝበን ሄዶ የማሽኑን ሥራ እንዲማር የተጻፈው የኬፓስ ስም ነበር። ሰረዙትና ሎሂያን ላኩ። ሎሂያ የሥራ አስኪያጁ ዋንቶክ ነው፣ አንድ ቋንቋ የሚናገር የአገሩ ልጅ። «ስምንተኛ ክፍል ላይ የቆመ ሰው ሄዶ ምን ሊሠራ ነው?» ሲባል ኬፓስ ከበሩ ውጪ ቆሞ ሰምቷል። እያንዳንዷን ቃል እስከ ዛሬ ይዟታል።

የላኤው ማሽን የሰዓት ባትሪ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። መብራት በሄደ ቁጥር ቀኑ ወደ ፋብሪካው ይመለሳል። ባትሪ ይገዛ ብሎ አንድ ጊዜ ለሞርስቢ ጽፎ ነበር። ደብዳቤው ስህተቱ በቀይ ተሰምሮበት ተመለሰለት፤ ባትሪው ግን አልመጣም። ከዚያ ወዲህ ለማንም ትንፍሽ አላለም። መብራት ሲመጣ የእጅ ሰዓቱን አይቶ ራሱ ያስተካክለዋል። አንድ ቀን ስጎድል ያዩታል፣ ይል ነበር በሆዱ። ያ ቀን መጣ። እንዳሰበው ግን ደስ አላለውም።

«የዋሩን ድልድይ ምሰሶ መቼ ነው ያረምሽው?»

«ዓርብ። ወንዙን ስንለካ ታቹ ጭቃ ሆኖ ተገኘ። አስራ አራት ሜትር ስለማይበቃ ሃያ አንድ አደረግሁት።»

«እስቲ ከእኔ ኮምፒውተር ክፈቺው።»

ከፈተችው። አስራ አራት ይላል። ከዓርብ ጀምሮ ሳትዘጋው በቆየችው በራሷ ስክሪን ላይ ደግሞ ሃያ አንድ። ዓርብ ያስቀመጠችውን ማሽኑ የአስራ አምስት ዓመት አሮጌ አድርጎ ቆጥሮት፣ የሞርስቢውን የድሮ ሥዕል በላዩ ተክቶበታል።

«ዛሬ እኮ ነው የምሰሶው ብረት የሚቆረጠው» አለችና ሞርስቢ ደወለች። ስልኩን ያነሳችው ሥዕሎቹ ላይ ማኅተም የምትመታው ጌዋ ናት።

«እህቴ፣ እኔማ አምንሻለሁ» አለች ጌዋ። «ቆራጩ ግን ወደብ ላይ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዞ ቆሟል። በስልክ ቁጥር አይለወጥም፣ በኢሜይል የመጣም አይታተምም፤ ሕጉን ታውቂዋለሽ። የጋራ ማህደሩ ላይ ሃያ አንድ የሚል ሥዕል አሳዪኝ፣ ራሴ ሮጬ አደርስለታለሁ። አምስት ሰዓት ላይ መጋዙን ያስነሳል።»

ኬፓስ የማሽኑን ሰዓት አስተካከለ። ዶርከስ ሥዕሉን ልታስቀምጥ ብትል ማሽኑ እምቢ አለ። አስራ አራት የሚለው ሥዕል ትናንት ታትሟል፣ የታተመ ደግሞ ይቆለፋል፤ ቁልፉም ያለው ሞርስቢ ሆኖ ማህደሩን በሚያስተዳድረው በሎሂያ እጅ ነው።

ኬፓስ ስልኩን አየው። ለዚያ ሰው በራሱ ፈቃድ ደውሎ አያውቅም። ደወለ፤ ዶርከስ እንድትሰማም ድምፁን ከፈተው።

«አሃ፣ ሽማግሌው» አለ ሎሂያ። «ለቅሶው አለቀ? ስንት አሳማ ጨረሳችሁ?»

«የዋሩን ሥዕል ቁልፍ ክፈትልን። የታተመው ስህተት ነው።»

«የእኔ ማህደር አይሳሳትም። አዲሱ አሮጌውን ይተካል፣ ሕፃን የሚገባው ነገር ነው። ልጅቷ ሳታስቀምጠው ሄዳ ይሆናል፤ ይጻፍባትና ትጠየቅ።»

የዶርከስ ፊት ተለዋወጠ። ኬፓስ አፉን ቢዘጋ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር፤ ጥፋቱ እሷ ላይ ተደፍድፎ፣ እሱ እንደ ወትሮው ሰዓቱን እያስተካከለ ይኖር ነበር።

«አስቀምጣዋለች» አለ። «ጥፋቱ የሰዓቱ ነው። ባትሪው ሞቷል። መብራት በሄደ ቁጥር የማስተካክለው እኔ ነበርኩ፤ ለቅሶ ስሄድ ለማንም አልነገርኩም።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሞተው?»

«ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል።»

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለምን አልነገርከኝም?»

«ብሪዝበን የሄድከው አንተ ነህ። ታውቀዋለህ ብዬ።»

«ይህን ብጽፈው እንደምትባረር ታውቃለህ?»

«ጻፈው። መጀመሪያ ቁልፉን ክፈት። እኔን ለማባረር ከሰዓት በኋላ ሙሉ ጊዜ አለህ፤ ለብረቱ ግን የቀረው አንድ ሰዓት ከሩብ ነው።»

ከወዲያ የኮምፒውተር ቁልፎች ሲንኳኩ ተሰማ።

«አሁንስ ሰዓቱ ትክክል ነው? ከእኔው ጋር ገጠመ?» አለ ሎሂያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ያንተው አራት ደቂቃ ይቀድማል። እሱንም ሳውቅ ኖሬያለሁ።»

ዶርከስ አፏን በእጇ ያዘች።

«ተከፍቷል» አለ ሎሂያ። «አስቀምጡት።»

ዶርከስ አስቀመጠችው፤ አራት ሰዓት ሲሞላ ማሽኑ ወደ ሞርስቢ መላክ ጀመረ። ሥዕሉ ከባድ ነው፣ ውጪ ደግሞ የላኤ ዝናብ ወርዷል፤ መስመሩ እየተጎተተ ይሄዳል። አስር በመቶ፣ አስራ ሁለት በመቶ። ኬፓስ ካፖርቱን ራሱ ላይ ጥሎ ወጣና የጓሮውን ጄኔሬተር አስነሳ።

«መብራት እኮ አለ፣ አጎቴ» አለች ጠብታው ሲወርድበት እያየች።

«እስኪሄድ አልጠብቅም።»

ከዚያ ማሽኑ አጠገብ ቆሞ ቀረ። ሻይ አመጡለት፣ አልጠጣም። ሰማንያ ላይ ሲደርስ ቁጥሩ ለብዙ ደቂቃ ተቸነከረ። ዶርከስ ጥፍሯን ትበላለች፤ እሱ ዓይኑን አልነቀለም። ለአምስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ጌዋ ደወለች።

«ሃያ አንድ ይላል፣ አየሁት። መትቼበታለሁ፣ እየሮጥኩ ነው።»

እንደገና የደወለችው ከወደቡ ነው፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። ቆራጩ ቸኩሎ አንዱን ምሰሶ አስራ አራት ሜትር ላይ ቆርጦታል። የቀሩት አስራ አንድ ምሰሶዎች ተርፈዋል።

ከምሳ በኋላ ከሎሂያ መልእክት መጣ። ሰዓቱ እንዴት እንደሚስተካከል ጽፈህ ላክ፣ ለሥራ አስኪያጁ አቀርበዋለሁ፣ ስለ አንተ የሚወሰነውም ያኔ ነው ይላል። ኬፓስ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና ከላይ ሙሉ ስሙን ጻፈ። ከሥሩ በሁለት ጣቱ እየለቀመ፣ መብራት ሲመጣ ምን እንደሚደረግ ስድስት መስመር አሰፈረ።

ዶርከስ ከትከሻው በላይ አየችው። «ሁለት ሦስት ቦታ ላርምልህ፣ አጎቴ?»

«አትንኪው። እንዳለ ይሂድ።»

የጋራ ማህደሩ ውስጥ አስገባው። ሰዓቱ ሞልቶ ሞርስቢ ሲደርስ የሞርስቢውን ቅጂ ከፍቶ ስሙን አነበበ። አልተነካም።

ከዓርብ ወዲህ በአሮጌ ቅጂ የተዋጡ ሌሎች ሠላሳ ሰባት ፋይሎች ነበሩ። በየሰዉ ኮምፒውተር ላይ የቀረ ቅጂ ካለ አንድ በአንድ መለቀም አለበት። ብድግ አለና ከበሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ጀመረ።