ጣሪያው ላይ ስንት ሰው ነበር?

በስደት አገር፣ ጀፕ በሚባለው ሰፈር ባለችው የሐበሾች ቤተ ክርስቲያን፣ በምስክርነት ሰዓት ሰው በማስለቀስ ዱካሞን የሚያህል አልነበረም። ቶኮዛ የሚባል ሰፈር ባለው ሱቁ ውስጥ ሌባ ሽጉጥ ደቅኖበት ጥይቱ እንዴት እንደሳተው ስድስት ዓመት ተናግሯል፤ ስድስት ዓመት ተለቅሶለታል። በፋሲካው ጉባኤ የሚመሰክረውም ሁሌ እሱ ነው።

ዘንድሮ አጵሎስ የሚባል ሐበሻ ከሞዛምቢክ መጣ። ቤይራ ከተማ፣ ባሕሩ ዳር የነበረውን ሱቁን አውሎ ነፋስ አጥፍቶበታል። መድረክ ላይ ወጥቶ፣ «ውሃው ሲሞላ ጣሪያ ላይ ወጣሁ፤ እስኪነጋ ጌታ ያዘኝ» አለና ተቀመጠ። ይኸው ነው። ሕዝቡ ግን አነባ። የዱካሞ ሚስት አማረች እንኳ፣ በጥይቱ ማልቀስ ካቆመች የቆየችው፣ ዓይኗን በሹራቧ እጅጌ ጠረገች።

«ለጉባኤው አጵሎስን ብናደርግስ?» አሉ ሽማግሌው ጋሽ ታምሩ።

«ጥያቄ አለኝ፤ መጀመሪያ ይጣራ» አለ ዱካሞ።

ታክሲ ውስጥም አልበረደለትም። «ዛፍ የሚነቅል ንፋስ እሱን ብቻ ትቶት ሄደ?»

«ያንተስ ጥይት?» አለች አማረች። «በየዓመቱ እየቀረበ ዘንድሮ ጆሮህን ነክቶ አለፈ።»

ሰኞ ደንበኛው ማማ ጁሊያ ከሱቁ ዳቦ ልትገዛ መጣች። የቤይራ ሰው ናት። ዱካሞ ዳቦውን እንደያዘ ስለ አጵሎስ ጠየቃት።

«ማይ ፍሬንድ፣ የእናቴ ጎረቤት እኮ ነው! ሱቁ ኮንቴይነር ነበር። እናቴን በጀርባው አዝሎ አወጣት። አሥራ አንድ ሰው ጣሪያው ላይ ሰብስቦ፣ የሚሸጠውን ገመድ ሁሉ ፈትቶ ንፋሱ እንዳይወስዳቸው አሰራቸው። ድሮ እንዲህ ያለው ንፋስ በስንት ዓመት አንዴ ነበር። አሁን ባሕሩ ሞቋል ይላሉ፤ የአንዱን ሳንጠግን ሌላው ይደርሳል። እናቴ ደግሞ እዚያው ናት። የት ትሂድ? ይኼን ሁሉ አልነገራችሁም?»

«አልነገረንም።» ዳቦው እጁ ላይ ተጨፍልቆ ነበር፤ ሌላ ሰጣት።

እሑድ ጋሽ ታምሩ፣ «ወንድም ዱካሞ፣ ጥያቄህ?» አሉት። ዱካሞ ተነሣ። «አልተጣራም» ቢል ጉባኤው የእሱ ነው። አጵሎስን አየው፤ አንገቱን ደፍቶ ጫማውን ያያል።

«አሥራ አንድ ሰው ደብቆብናል» አለ ዱካሞ። ገመዱን፣ የታዘለችውን እናት፣ ጥገና የማይደርስላቸውን ቤቶች ተረከ። የንፋሱን ድምፅ በአፉ አሰማ። አዳራሹ በለቅሶ ተናወጠ። ጉባኤው ለአጵሎስ ተሰጠ።

ዱካሞ ላቡን እየጠረገ ተቀመጠና ወደምትንሰቀሰቀው አማረች ጠጋ አለ።

«እሱ ሲናገር» አላት፣ «እንዲህ አላለቀስሽም።»