ኪሱ በቀኝ የሆነ ጦር

ፊልሙ በታየ በሦስተኛው ቀን ከተማው እንደ በሰለ ሐብሐብ ለሁለት ተሰነጠቀ። ማጋነን አይደለም። ባል ከሚስት፣ አማት ከምራት፣ ሐኪም ከበሽተኛ ተኳርፏል። አንድ ጥርስ ነቃይ ስለ ፊልሙ ክፉ የተናገረን ሰው የታመመውን ትቶ ደህናውን ጥርስ ነቅሎ እንደ ሸኘው ያልሰማ ጆሮ የለም።

ፊልሙ የጦርነት ነው። አርባ ወታደሮች አንድ ድልድይ ይጠብቃሉ። ጠላት መጣ፣ ሊመጣ ነው፣ እየመጣ ነው ሲባል ሳይመጣ አንድ ሰዓት ተኩል ያልፋል። ከዚያ በኋላ ያለውን የሚያውቀው እንቅልፍ ያልወሰደው ተመልካች ብቻ ነው። በአምስት አገር ተሸልሟል። ግማሹ ሰው «እንዲህ ያለ ፊልም ከእንግዲህ አይሠራም» ሲል፣ ሌላው ግማሽ «እግዜር ይስማህ!» ይላል።

የክርክሩ ዋና ምሽግ የልብስ ሰፊው ቤት ነበር። ለምን ቢሉ፣ የእነዚያን ወታደሮች ኮት የሰፋው እሱ ነዋ! ሰፈሩ «ማባዣ» ይለዋል። እጁ የገባ ቁጥር ሁሉ ተባዝቶ ይወጣል። አንድ ሰርግ ላይ ከተጠራ አምስት ሰርግ ነው፤ ድመት ከቧጠጠችው ነብር ነው። አርባውን ኮት በመጀመሪያው ቀን አራት መቶ፣ በሳምንቱ አራት ሺህ አድርሶት ነበር።

ቤቱ አንዲት ክፍል ናት። በር በኩል የማባዣ የስፌት መኪና ተቀምጧል፤ መስኮቱ ሥር ብርሃኑ በሚያርፍበት የታላቅ ወንድሙ የሰዓት መጠገኛ ጠረጴዛ አለ። ወንድምየው ግራኝ ነው፣ ቁጥብ ነው፣ በወጣትነቱ ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ዘምቶ ተመልሷል። ስለዚያ ጊዜ ሲጠየቅ «ብርድ ነበር» ብሎ ይጨርሳል። ማባዣ «ጋሼ» ይለዋል፤ እሱ ደግሞ የአርባ ስምንት ዓመቱን ሰውዬ እስከ ዛሬ «ማሙሽ» ነው የሚለው። ሃያ ዓመት ሙሉ አንዱ እያባዛ አንዱ እያካፈለ ኖሩ።

«አራት መቶ ኮት በዘጠኝ ቀን!» ይላል ማባዣ ለደንበኛ።

«አርባ። በሁለት ወር» ይላል ጋሼ፣ ማጉያ መነጽሩን ከዓይኑ ሳያነሣ።

አሁን ግን ጠረጴዛው ባዶ ነው። ፊልሙ መጀመሪያ በታየ ቀን ማባዣ ወንድሙን ክንዱን ይዞ ፊት ወንበር ላይ አስቀምጦት ነበር። በመካከሉ የመጀመሪያው ተኩስ ተሰማና አንድ ልጅ እግር ወታደር ከድልድዩ መደገፊያ ሥር ወደቀ። ጋሼ ያኔ ብድግ አለ፤ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያለ በሰው ጉልበት መካከል ተሹለክልኮ ወጣ። ይኸው ስድስት ቀኑ። «ወገቤን አሞኛል» ብሎ ልኳል። የማባዣ ወሬ አካፋይ ሲያጣ ጣዕሙ ጠፋ። አራት ሺህ ቢል ዝም፣ አርባ ሺህ ቢል ዝም። ውሸት ብቻዋን ስትቀመጥ እንዲህ እንደምታስፈራ ከዚያ በፊት አያውቅም ነበር።

በሰባተኛው ቀን ሥጋ ሻጩ የሱሪውን ቂጥ ሊያስጠብብ መጣ፤ መምህርቷ ደግሞ ጋዜጣ በብብቷ ይዛ ተከትላው ገባች።

«ሰማህ ማባዣ፣ ገንዘቤን ይመልሱልኝ» አለ ሥጋ ሻጩ። «የጦርነት ፊልም ብለው ጠርተውኝ ሰዎች ድልድይ ላይ ተቀምጠው ሲያዛጉ አየሁ። ማዛጋት ካማረኝ ቤቴ ሚስቴ አለችልኝ።»

«አንተ ደም ካላየህ ሥራ የገባህ አይመስልህም» አለች መምህርቷ። «መጠበቅ እኮ ነው ጦርነት!»

«እንግዲያው የጥርስ ሐኪም ቤት ያለው ወንበር ላይ የተቀመጠ ሁሉ ጀግና ነው።»

«ዝም በልና ስማ!» ጋዜጣውን ዘረጋች። «እዚህ ላይ ጸሐፊው ምን ይላል? የወታደሮቹን ኮት አይታችኋል? የደረት ኪሳቸው በቀኝ ነው። በዓለም ላይ የደረት ኪስ በግራ ነው፣ ልብ ላይ። እነዚህ ልጆች ግን ልባቸው ላይ ምንም ሽፋን የለም። ባዶ! ለጥይት የተተወ ልብ! ‹ከዚህ ፊልም ሁሉ የከበደው ነገር ይህች ኪስ ናት› ይላል።»

«ልብስ ሰፊው ተሳስቶ ነው ባክሽ» አለ ሥጋ ሻጩ።

ማባዣን መርፌው ጣቱን ወጋው። ቀኝ? በቀኝ ነው እንዴ የሰፋሁት? ከመቼ ወዲህ? ግን ሁለት ጥንድ ዓይን ተተክሎበታል። እሱ ደግሞ ዓይን ሲተከልበት አፉ ከልቡ ይቀድማል።

«ተሳሳተ?» አለ ቀስ ብሎ፣ መቀሱን አስቀምጦ። «ዳይሬክተሯ ዘንድ ሄጄ፣ ‹እመቤቴ፣ ልባቸውን ክፈቺው› ያልኳት እኔ ነኝ። እጄን ይዛ አለቀሰች። ሦስት መሐረብ አራሰች!»

መምህርቷ አፏን በእጇ ከደነች። «ይኼን ቅዳሜ ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ መጥተህ ትናገራለህ! ስለ ፊልሙ ውይይት አለን። እምቢ ማለት አይቻልም!»

«ለቲቸር ምን እምቢ አለ» አለ ማባዣ።

ሁለቱ እየተጨቃጨቁ እንደ ወጡ ከግድግዳው ሚስማር ላይ የኮቱን የወረቀት ልክ አወረደ። ኪሷ በቀኝ በኩል በጠመኔ ተሰምራለች። ሁሉ ነገር ትዝ አለው።

የፊልም ሰዎቹ «እውነተኛ ይምሰል» ብቻ ብለው የጨለመ ሥዕል ሰጥተውት ሄዱ። እሱም ጋሼ የሌለበትን ቀን ጠብቆ፣ የወንድሙን ሚስት ለምኖ፣ ከሣጥኑ ውስጥ ጋሼ ለብሶት የዘመተውን ኮት አስወጣ። ወረቀት ላይ ዘርግቶ ቀዳና በዚያው ቀን አጥፎ መለሰ። አባታቸውም ልብስ ሰፊ ነበር፤ ሥራውን ሲያስተምረው «ልክ ስትቀዳ እጅህ ይመን፣ ዓይንህ አይከራከር» ይለው ነበር። ደንበኛ አንድ ትከሻው ዝቅ ያለ ኮት ካመጣ፣ ዝቅ ያለ ትከሻ ይቀዳል፤ ለምን ተብሎ አይጠየቅም። ማባዣ በሕይወቱ ካከበራቸው ሕጎች አንዷ ይህች ናት። አክብሮም ሳያይ ቀዳ። ያቺን ኪስ ደግሞ ከግራ ነቅሎ ወደ ቀኝ ያዛወራት ያው አባታቸው ነበር። ታላቁ ልጁ ግራኝ ስለሆነ፣ እርሳሱንና ወረቀቱን በቀላሉ እንዲያወጣ፣ ደብዳቤ መጻፍ እንዳይሰንፍ። በምድር ላይ ለአንድ ልጅ ብቻ የተሠራች ኪስ ነበረች።

ሱቁን ዘግቶ ወደ ወንድሙ ቤት እየሮጠ ሄደ፤ እግሩ መሬት አልነካም ብንል ያስኬዳል። ጋሼ ሳሎን ውስጥ የግድግዳ ሰዓት ጭኑ ላይ አስቀምጦ ይፈታል።

«ወገብህ እንዴት ነው ጋሼ?»

«ደህና ነው።»

«ሱቅ ሳትመጣ...»

«እመጣለሁ።» ጋሼ አንዲት ብሎን በወረንጦ አንሥቶ ክዳን ላይ አስቀመጠ። «ቲቸር አሁን በበራችን ስታልፍ ነገረችኝ። ኪሷ ያንተ ሐሳብ ናት አሉ።»

ማባዣ ዓይኑን ክዳኑ ላይ ባለችው ብሎን ተከለ።

«ቅዳሜም ትናገራለህ አሉ» አለ ጋሼ። «ይቅናህ።»

ተቆጥቶ ቢሆን ይሻል ነበር። ማባዣ ሲመለስ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት እሱን ይመስለው ጀመር። አዳራሽ ሙሉ ጭብጨባ ከፊቱ ቆሟል፤ ወንድሙ ከኋላው እየራቀ ነው። ሚስቱ ራቱን አቅርባ «ምን ሆነሃል?» ስትለው «ምንም» አለ፤ «ምንም» ብቻ። በሃያ ሁለት ዓመት ትዳር እንዲህ አጭር መልስ ሰምታ ስለማታውቅ ትኩሳት እንዳለው ግንባሩን ዳሰሰች።

ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ ከመሙላቱ የተነሣ ግድግዳው ወደ ውጭ ጎብጧል። ፊልሙን የወደዱት በቀኝ፣ የጠሉት በግራ ተቀምጠዋል፤ ማንም አላዘዛቸውም። የጠሉት መካከል ሥጋ ሻጩ እጁን አጣጥፎ ይታያል። ጋሼ በሚስቱ ተጎትቶ መጥቶ በሩ አጠገብ፣ ለመውጣት በሚመች ወንበር ላይ ጫፍ ይዟል። መምህርቷ ማባዣን ወደ መድረክ ጠራችና «ልብ የሚከፍተው ልብስ ሰፊያችን!» አለች። ጭብጨባው የጣሪያውን አቧራ አራገፈ።

ማባዣ ያንን ጭብጨባ በሙሉ ሆዱ ሊውጠው ቃጣው። ከዚያ ወደ በሩ አየ።

«አርባ ኮት ነው የሰፋሁት» አለ። «አርባ። ሁለት ወር ፈጅቶብኛል፤ እሱም ሚስቴ ቁልፍ እየተከለችልኝ።»

ሚስቱ ከመካከል «ተመስገን!» አለች ጮክ ብላ። ሰው ሳቀ።

«ዳይሬክተሯን አንድ ቀን ነው ያየኋት፤ እሷም ሽንት ቤቱ የት ነው ብላ ጠየቀችኝ። ኪሷ... የኔ አይደለችም። የአባቴ ናት። ታላቅ ወንድሜ ግራኝ ነው። ሲዘምት አባታችን ኪሱን ወደ ቀኝ አዞረለት፤ ደብዳቤ እንዲጽፍልን። እኔ ኮቱን ሳላስፈቅድ ወስጄ፣ ሳላይ ቀዳሁ። ስትጠይቁኝ ደግሞ የኔ ነው አልኩ። በቃ። ሌላ የለኝም።»

ሥጋ ሻጩ ብድግ አለ፦

«አላልኳችሁም? ስሕተት ነው! በስሕተት ነው አምስት አገር የሸለመው!»

«ምን ስሕተት!» አለች መምህርቷ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። «አባት ለልጁ የሠራው ኪስ ነው እያለህ! ከዚህ የሚበልጥ ምን ይምጣልህ?»

አዳራሹ ፈነዳ። ኑዛዜው ያስታርቃል ሲባል ጭራሽ ቤንዚን ሆነ። ከወደዱት አሥር ሰው ወደ ጠሉት ተሻገረ፣ ከጠሉት አሥራ አምስት ወደ ወደዱት መጣ፣ ወንበር ለመቀያየር ትርምስ ተፈጠረ። በዚያ መካከል ማባዣ ከመድረክ ሲወርድ ያየው ሰው አልነበረም። በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ባዶ ሆኗል።

ጋሼ ውጭ ደረጃው ላይ ተቀምጧል። ማባዣ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ተቀመጠ።

«ኮቱን ብትጠይቀኝ ኖሮ...» አለ ጋሼ።

«እምቢ ትለኛለህ ብዬ እኮ ነው።»

«እምቢ እልህ ነበር። ግን ብትጠይቀኝ ጥሩ ነበር።»

«ለሱ ነው ከፊልሙ የወጣኸው?»

«አይደለም።» ጋሼ የደረጃውን ስንጥቅ በጣቱ ተከተለ። «ያ ልጅ ሲወድቅ ኪሷ ፊት ለፊት መጣች። ይህን የምታህል ሆና፣ ግድግዳውን ሞልታ። አባባ ለኔ የሠራት ናት። ወረቀት በውስጧ ያለ መሰለኝ፣ ማሙሽ። አየር አጠረኝና ወጣሁ። በኮቱ አልተቀየምኩህም። ‹የኔ ሐሳብ ነው› ማለትህን ስሰማ ግን... አባባን ሁለተኛ ጊዜ የቀበርከው መሰለኝ።»

ማባዣ የወንድሙን ጉልበት ያዘ። ጋሼ ጉልበቱን አልሸሸም።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለ። «ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ነሥቶኛል። ያ ልጅ ሞተ?»

«የቱ ልጅ?»

«መደገፊያው ሥር የወደቀው ነዋ!»

ማባዣ «ኧረ በጭራሽ፣ ተነሥቶ ሁለት መቶ...» ሊል ምላሱን አሾለና ዋጠው። «ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርህ? አላውቅም።»

«እስከ መጨረሻው ቁጭ ብለህ አላየህም?»

«ስፌቱን ነበር የማየው። አንገታቸው ይጨማደድ አይጨማደድ እንደሆን። ፊልሙ ስለምን እንደሆነ ራሱ የነገረኝ ሥጋ ሻጩ ነው።»

ጋሼ አፈጠጠበት። ከዚያ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ማባዣ ያለቀሰ መስሎት ደነገጠ፤ ሰውየው ግን ድምፅ ሳያሰማ እየሳቀ ነበር፣ ሳቁ እስኪያስለው ድረስ። «ከተማ ሙሉ አጣልተህ... ሳታየው?» አለ እየሳለ።

እሑድ ከሰዓት ሁለቱ ብቻቸውን ሄዱ። መካከል ላይ፣ ለመውጫ በሚመች ቦታ ተቀመጡ። ልጁ ሲወድቅ ጋሼ የወንድሙን ክንድ ጨመቀ፤ ሆኖም አልተነሣም። ልጁ አልሞተም። እግሩ ታስሮለት፣ የተረፉት በምሽጉ ሲተኙ፣ እየተንፏቀቀ ድንጋይ ጎልቶ፣ እንጨት ሰብስቦ፣ ለሁሉም ሾርባ ጣደላቸው። ካሜራው ድስቱን እያየ ቆየ፣ ቆየ፣ ቆየ። ማባዣ ማልቀስ ጀመረ። አለቀሰ ብቻ አይባልም፤ ከፊቱ ያለው ሰው ዣንጥላ ሊዘረጋ ምንም አልቀረው። ከፊልሙ ሲወጡ እንኳ አላባራም።

«ምን የመሰለ ነገር ነው ጋሼ! ምን የመሰለ ነገር!»

«ደህና ነው» አለ ጋሼ ኮቱን እየቆለፈ። «ረዝሟል እንጂ።»

ማባዣ መንገዱ መካከል ቆመ። «ምኑ ነው የረዘመው?»

«ሾርባው። ሃያ ሁለት ደቂቃ ፈጀ። በሰዓቴ ይዤዋለሁ። ያቺን ለምታህል ድስት አሥር ደቂቃ ይበቃታል።»

«እሱ እኮ ነው አንጀቴን የበላው! ቶሎ ቢፈላ ምኑን ሾርባ ሆነ?»

«አንተ ጥደህ አታውቅ። እኔ ድልድይ ላይ ሾርባ ጥጃለሁ።»

«ጥደሃል?» አለ ማባዣ፤ ወንድሙ ከብርዱ ሌላ ሲነግረው የመጀመሪያው ነበር። «መቼ? ከማን ጋር?»

«አንድ ወፍራም ጓደኛ ነበረኝ። ጨው ያበዛል። ቆይ እነግርሃለሁ፤ መጀመሪያ ረዝሟል በል።»

«አልልም።»

«እንግዲያው አልነግርህም።»

«ጋሼ! ይኼ ግፍ ነው!»

የሚታጠፉበትን መንገድ አልፈው፣ አንዱ እጁን እያወራጨ፣ ሌላው ራሱን እየነቀነቀ፣ ቁልቁል ወረዱ።