ጎሚስታው የጻፈው ትንፋሽ

«እስቲ ያቺን በአፍህ የነፋሃትን የከባድ መኪና ጎማ አውራልን» አለ ጎረቤቱ ጫማ ሰሪ፣ ለቅሶ ቤቱ ከብዶት።

ጎሚስታው ሚስቱን ከቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ያቺን ጎማ ሰፈሩ በቃሉ ያውቃታል፤ መኪናዋ በእሷ የደረሰችበት አገር በየዓመቱ አንድ ይጨምራል። ዛሬ ግን ሰውዬው በእጁ «ተወኝ» አለው።

ሴት ልጁ ደብተር ይዛ ከጓዳ ወጣች። «አባዬ፣ ሐኪሙን እከሰዋለሁ። ተመልከት፣ የእማዬ ትንፋሽ እስከ መጨረሻው ጠዋት ሁለት ሊትር ተኩል ይላል። ሳንባዋ ደህና ሆኖ በምን ሞተች? ነገ ጠበቃ ዘንድ እሄዳለሁ።»

ሟቿ ልብስ ሰፊ ነበረች። መጀመሪያ የከዷት ጣቶቿ ናቸው፤ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካቸው እንደ ጠመኔ ይነጣሉ፣ ቆይተው ይጠቁራሉ። ቆዳዋም እንደ ከበሮ ተወጠረ። ሐኪሙ የጥፍሯን ሥር በማጉያ አይቶ፣ «ቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ግማሹ አብጧል፣ ግማሹ ጠፍቷል። ሳንባዋም ውስጥ እንዲህ እንዳይሆን እሰጋለሁ» አለና የትንፋሽ መለኪያ ሰጣቸው። «ጠዋት ጠዋት ትንፋበት፤ ቁጥሩ ከቀነሰ በዚያው ቀን ትምጣ» ብሎም አዘዘ።

እስክሪብቶ መያዝ ስላቃታት የቁጥሩ አንባቢም ጸሐፊም ባሏ ሆነ። አንድ ጠዋት ቁጥሩ ወረደ። ዓይኗ ላይ ፍርሃቷን አየና እንደ ልማዱ ጨመረበት። «ዛሬማ ከእኔ በለጥሽ! የጎማ መንፊያ ኮምፕሬሰሩን ሸጬ አንቺን ነው ሱቅ የማቆምሽ።» ሳቀች፤ ቁርሷንም በላች። በማግስቱም ጨመረ። የሐኪሙ ነርስ ስትደውል ያንኑ የጨመረውን ቁጥር አነበበላት። «ደህና ናት እንግዲህ፤ ቀጠሮው ይራዘም» አለች ነርሷ።

«ልጄ፣ ሐኪሙን ተይው» አለ አሁን። «ቁጥሩን የፈጠርኩት እኔ ነኝ።»

ጫማ ሰሪው ፈገግ አለ። «ይኼ ሰውዬ ለቅሶ ላይ እንኳ አይተውም።» ሁለት ሦስት ሰው አፉን በእጁ ይዞ ሳቀ። ዕድሜ ልኩን ሲዋሽ የሚሰማው ያላጣ ሰው፣ እውነት የተናገረ ዕለት የሚያምነው አጣ።

ልጁ ግን አልሳቀችም። ፊቱን አየች። ከዚያ አጠገቡ ተቀመጠችና እስክሪብቶ ሰጠችው።

«ትክክለኛውን ታስታውሰዋለህ?»

«አንድም አልረሳሁ።»

«ጻፈው።»

እየሰረዘ ጻፈ። ከመስመር መስመር እየወረደ የመጨረሻዋ ጠዋት ላይ ሲደርስ፣ እውነተኛዋን ቁጥር በደቃቅ ጽሕፈት ጻፈና ከልጁ በቀር ማንም እንዳያያት በመዳፉ ከለላት።