የደመወዙ ካፖርት

«ተይኝ ብዬሻለሁ! የልጄን ጠረን በውሃ አላስወጣም!»

ወይዘሮ ሐረገ ወይን የሟች ልጃቸውን ካፖርት አንገትጌ በሁለት እጃቸው ጭምድድ አድርገው ያዙ። ዓለምጸሐይ የዘረጋችውን እጅ ሰበሰበች። ዳሱ ውስጥ የተቀመጡት ለቀስተኞች ንፍሯቸውን እንደያዙ እናትና ልጅን ያያሉ።

የንፋስ መውጫ ብርድ መቼም ብርድ ነው፤ እናቷ ካፖርቱን የለበሱት ግን ለብርድ አልነበረም። በቀብሩ ዕለት ሙሾ አውራጆቹ የሟቹን የማሩን ልብስ ከፍ አድርገው ሲያስለቅሱ ከእጃቸው ነጥቀው ደረቡት። ከዚያ ወዲህ ተኝተውም አላወለቁት። ዛሬ በሣልስቱ ደግሞ አንገታቸውን ያካሉ። ዓለምጸሐይ ይህን ካየች ጀምሮ እህል አልወረደላትም።

ወንድሟ ማሩ ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት፣ ነበር። ድሬሰር ሁን ያሉት እናቱ ናቸው። የቅኔ ተማሪ ሳለ አንድ ድሬሰር ጫማውን ወልውሎ በበቅሎ ሲያልፍ ገበያ ላይ አዩና፣ «ቅኔ ነፍስ ያጸድቅ ይሆናል፤ ጎተራ አይሞላም። ዘነበ አልዘነበ በየወሩ የሚበላ ደመወዝ እያለ ምን ቁራሽ ያስለምንሃል?» አሉት።

ማሩ ሳቀ። «እማዬ፣ ደመወዙ የበዛው እኮ ሥራው ስለሚያስፈራ ነው።»

አልሰሙትም። ጎንደር ሄዶ ተማረ፤ ስማዳ፣ ወገዳ ላይ ተመደበ። በመጀመሪያ ደመወዙ ይህን ካፖርት ገዝቶ ለብሶ ሲመጣ እናቱ ደጅ ወጥተው እልል አሉ።

ዘንድሮ ስማዳ ተስቦ ገባ። ማሩ በየቤቱ እየዞረ፣ «በሽታውን የሚያዛምተው ቅማል ነው፤ ልብሳችሁን ቀቅሉ» ሲል ከረመና ራሱ ትኩሳት ይዞት በቃሬዛ መጣ። እናቱ ከአጠገቡ ሳይለዩ ሳምንት አስታመሙት። ሊሞት ሲል እህቱን አስጠግቶ፣ «ልብሴን ማንም እንዳይለብሰው። ቀቅዪው። አደራ» አላት። እሺ አለች። ሙሾ አውራጆቹ ግን ቀደሟት። የሟች ልብስ ሳይነሣ ደግሞ ምን ለቅሶ አለ?

ከሰዓት በኋላ የማሩ ነፍስ አባት፣ አባ ወልደ ገብርኤል፣ መጡ። የሟች ልብስ ለነፍስ አባት ነውና መምጣታቸው ማንንም አላስገረመም።

«እግዜር ያጽናዎት። ልብሱ ከኔ ዘንድ ይሁን፤ በጸሎት አስበዋለሁ» አሉ።

ለልጃቸው ነፍስ ሲሆን ወይዘሮ ሐረገ ወይን እምቢ ማለት አልቻሉም። የመጀመሪያውን ቁልፍ ፈቱ። ዓለምጸሐይ ከመካከላቸው ገባች።

«አባ፣ ይፍቱኝ፤ አይንኩት።»

«ምነው ልጄ? ለወንድምሽ ነፍስ ትነፍጊያለሽ?»

ደመወዝተኛ፣ ሳሙና ከኪሱ የማይለይ ወንድሟ ነው፤ ያንን ቃል በገዛ ለቅሶው ላይ ልታወጣበት ነው። ልቧ እየፈራ አወጣችው።

«ቅማል አለበት።»

«በስመ አብ!» አለች አንዲት ሴት። ሌላዋ፣ «ሞቶ እንኳ አልማረችው» ብላ አንሾካሾከች።

የእናቷ ፊት ጠቆረ። «ልጄን አፈር ሳይደርቅበት ሰደብሽው?»

«አልሰደብሁትም። የሞተው በእሱ ነው። ደመወዝ ይከፈለው የነበረው እኮ ልብስ ቀቅሉ እንዲል ነው፣ እማዬ! የስማዳ እናቶች ሰምተውታል። የወለደችው እምቢ ትበለው?» እንባዋ አሸነፋት። «አንቺንም ልቅበርሽ?»

አባ ወልደ ገብርኤል የዘረጉትን እጅ ቀስ ብለው ወደ ኩታቸው መለሱ።

ወይዘሮ ሐረገ ወይን ተነሥተው ወደ ጓሮ ሄዱ። ዓለምጸሐይ ከጧት ጀምራ የጣደችው ውሃ በላምባ ቆርቆሮ ውስጥ ይንተከተካል። ካፖርቱን አወለቁ። ልጃቸው ሳትከለክላቸው ፊታቸውን አንገትጌው ውስጥ ቀብረው ረዥም ትንፋሽ ሳቡ።

«ደመወዙን ያየሁ እኔ ነኝ» አሉ። «ልጄን አላየሁትም።»

ከዚያም ካፖርቱን ውሃው ውስጥ ጨመሩና በእንጨት ይደፍቁት ጀመር። ሱፉ እየተኮማተረ ብቅ ሲል መልሰው ይደፍቁታል። በአንድ እጃቸው ይደፍቃሉ፤ ሌላው እጃቸው ሳያስቡት አንገታቸው ላይ ወጥቶ ያካል።

ዓለምጸሐይ ያንን እጅ ከአንገታቸው አውርዳ ያዘችው። ይፋጃል።

«ከእሳቱ ነው» አሉ እናቷ፣ ዐይናቸውን ከቆርቆሮው ሳያነሡ።

ዓለምጸሐይ እጁን አልለቀቀችውም።