የሞቀው ሞተር

አቃ የልጁን መኪና ለመሸጥ ሲቆርጥ ሚስቱን አላማከረም። ልጁ ባሱ ኩላሊቱን ታሞ ፌዝ ከተማ ሆስፒታል ገብቶ እዚያው ከቀረ ወዲህ ክረምቱ አልፎ፣ ከከተማቸው ከአዝሩ በላይ ባለው ተራራ በረዶው መቅለጥ ጀምሮ ነበር። ልጅ አልተካም። የባሱ ሚስትም ሐዘኗን ጨርሳ ወደ ወላጆቿ ተመልሳለች። ከእሱ የቀረችው ከአዝሩ ወደ ኸኒፍራ ሰው እያመላለሰ የኖረባት አሮጌ ናፍታ መርሴዲስ ናት፤ ደጃፍ ላይ ተገትራለች። አቃ ከቤት ሲወጣም ሲገባም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ያልፋታል። በመጨረሻ አንጀቱ አልችል አለና ገበያ ላይ ላገኘው ሹፌር መኪናዋን እንደሚሸጥ ነገረው።

ለሚስቱ ለኢጦ የነገራት ዋዜማው ላይ ነው። «ነገ መኪናዋን የሚያይ ሰው ይመጣል» አላት።

ኢጦ ምስር እየለቀመች ነበር። ቀና ሳትል «እሺ» አለች።

ሹፌሩ ዘሩዋል ይባላል። ዕድሜውን በመሪ ላይ የጨረሰ፣ ሆዱ የገፋ፣ ሲጋራ ጆሮው ላይ ሰክቶ የሚዞር የኸኒፍራ ሰው ነው። አቃ ከንጋቱ የሱብሂ ሶላት ተመልሶ ብዙም ሳይቆይ ደረሰ። ሰላምታውን አሳጥሮ መኪናዋን ዞራት።

«ይቺ አሮጊት የእኔን ሚስት በዕድሜ ትበልጣለች» አለ፣ በሯን ከፍቶ እየዘጋ። «ግን ጥርሷ አልረገፈም። አኩራፊም አትመስልም።»

አቃ ፈገግ ለማለት ሞከረ። ዘሩዋል ካርቶን አንጥፎ ከሥሯ ገባ። ወለሏን በመፍቻ ጫፍ አንኳኳ። «እዚህ ጋ ተበይዷል። ማነው የበየደው?»

«ልጄ ራሱ።»

«እጁ ይባረክ፣ ሥራ ያውቃል። ታዲያ የት ሄዶ ነው እርስዎ ብቻዎን የቆሙት?»

«ሞቷል።»

ዘሩዋል ከሥር ወጥቶ ልብሱን አራገፈ። «አላህ ይማረው፣ አባባ። አላወቅሁም።» ካርቶኑን አጣጥፎ ወደ ሥራው ተመለሰ። «ለመጨረሻ ጊዜ የተነሳችው መቼ ነው?»

«ከቀብሩ ወዲህ ማንም አልነካት።»

«ጥሩ። የናፍታ ሞተር ጉዱ የሚታወቀው ቀዝቅዞ ሲነሳ ነው። ከሞቀማ የታመመውም ጤነኛ ይመስላል።» ኮፈኑን ከፍቶ መዳፉን ሞተሩ ላይ አሳረፈ። አላነሳውም። ፊቱ ጠቆረ።

«አባባ፣ ይሄ ሞተር ሙቅ ነው።»

«ምን?»

«ሙቅ ነው እኮ! ከእኔ በፊት አሙቃችሁታል። እኔ በዚህ ሥራ ስንት ዓመቴ መሰለዎት? አሁን ከመስጊድ የመጣ ሽማግሌ እንዲህ ያደርጋል?»

«ወላሂ አልነካኋትም! ቁልፉን እንኳ በእጄ ይዤው አላውቅም!»

«ታዲያ ጂኒ አስነሳት?»

አቃ ጠጋ ብሎ እጁን ሰደደ። ብረቱ ሞቅ ብሏል። በዚህ ዕድሜው፣ በገዛ ደጁ፣ ውሸታም መባሉ አንገበገበው።

«አትዝለፈው፣ ልጄ» የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ። ኢጦ ነበረች። «እኔ ነኝ ያስነሳኋት።»

አቃ ዞረ። «አንቺ?»

«አንተ ለሱብሂ ስትወጣ።» ሻርፗን ወደ ትከሻዋ ሰበሰበች። «ብርድ ሲሆን፣ እሱ ጫማውን እስኪያስር፣ ‹እማዬ፣ አስነሺልኝ፤ የማሞቂያዋ መብራት እስክትጠፋ ግን ጠብቂ› ይለኝ ነበር። አሁንም እስክትጠፋ እጠብቃለሁ። ከዚያ ሞተሩ ትር ትር እያለ ገብቼ ሻይ እጥዳለሁ። ሻዩ እስኪፈላ ድረስ ደጅ ያለ ይመስለኛል።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተ ስሙን ጠርተህ ታውቃለህ? መኪናዋን ላለማየት ግድግዳ ታቅፈህ ነው የምትሄደው። ምን ብዬ ልንገርህ?»

ዘሩዋል ሲጋራውን ከጆሮው አወረደ፤ ሳይለኩስ እጁ ላይ አሸው። «ይቅር ይበሉኝ፣ አባባ። ይሄ አፌ ነው። ደግሞም ካልሸጣችኋት ቅር አይለኝም፤ እንዳልመጣሁ እቆጥረዋለሁ።»

አቃ ሚስቱን አያት። «ምን ትያለሽ?»

ኢጦ ወደ መኪናዋ ተጠጋች። «በየማለዳው አስነሳታለሁ፣ በየማለዳው ወጥቼ አጠፋታለሁ» አለች። «ማጥፋቱን አልቻልኩትም። ይውሰዳት።»

ዘሩዋል ኮፈኑን ዘጋ። «ዳገት ላይ ሳላያት አልገዛም። እማማ፣ ይግቡ፤ አብረን እንሂድ።»

ወደ ዝግባው ጫካ የሚወጣውን መንገድ ያዙ። አቃ ጋቢና፣ ኢጦ ከኋላ። ዘሩዋል ቀልዱን ትቶ ጆሮውን ለሞተሩ ሰጠ፤ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ ዳገቱን ቀስ ብሎ ገፋው። መኪናዋ አላመነታችም።

አቃ አስፋልቱን እያየ ድንገት ተናገረ። «በመጨረሻዋ ዕለት ስለ አንቺ ነው የጠየቀኝ።»

ያን ሰሞን ፌዝ ልጁን ያስታመመው አቃ ብቻ ነበር፤ መንገዱን በረዶ ዘግቶት ኢጦ ልጇ ጋ አልደረሰችም።

«ምን አለ?»

«‹እማዬ እህል ትቀምሳለች ወይ› አለኝ።»

«አንተስ ምን አልከው?»

«ደህና ትበላለች አልኩት። ዋሸሁት። እሺ አለና ዓይኑን ጨፈነ።»

ከኋላ የታፈነ ድምፅ ተሰማ። አቃ ሳይዞር እጁን ወደ ኋላ ዘረጋ፤ ያዘችው። እሱም ማልቀስ ጀመረ። ዘሩዋል መኪናዋን ወደ ጥግ አወጣ። «ጎማውን ልየው» አለና ወረደ። የፊቱን አየ፣ የኋላውን አየ፤ ተመልሶ ደግሞ የፊቱን አየ። ሁለቱ እስኪበቃቸው ድረስ እንደ ሥራ ፈት አስፋልቱ ላይ ተንጎራደደ።

ከቀትር በፊት ተዋውለው ዘሩዋል ቁልፉን ተቀበለ። ባልና ሚስቱ መኪናዋ ከሰፈር እስክትወጣ ቆመው አልሸኙም። አቃ ደረጃው ላይ ተቀመጠ፤ ኢጦም ከአጠገቡ።

«ሌላስ?» አለችው። «ሌላስ ምን ነገረህ? ፌዝ ከገባችሁ ጀምሮ ንገረኝ።»

አቃ ፊቱን በመዳፉ አበሰ። «ባሱ» ብሎ ጀመረ፤ ድምፁ ተሰበረበት። ኢጦ አልቸኮለችም። አቃም ስሙን ደግሞ ጠርቶ እንደገና ጀመረ።