ውሌ ካለቀ በዘጠነኛው ቀን

መታወቂያዬ በሩን መክፈት ካቆመ ዘጠኝ ቀኑ ነው። የበሩ ጠባቂ ሽማግሌ ግን መላ አበጅተውልኛል፤ በየማለዳው በእንግዶች መዝገብ ላይ ይጽፉኛል።

«ማንን ፈልገሽ ነው?» አሉኝ ብዕራቸውን አዘጋጅተው።

«ራሴን።»

«ቀጠሮ አለሽ?»

«አባባ፣ ዛሬ እኮ ውሃው የሚለቀቅበት ቀን ነው!»

«እሱንማ መች አጣሁት። ግቢ፣ ራስሽን አታስጠብቂያት።»

ወደ ፓምፕ ቤቱ ሮጥኩ ማለት ይቀላል። ሁለት ዓመት ሙሉ ከወንዙ እስከ ኮረብታው ሰፈር የዘረጋነው መስመር ዛሬ ይሞከራል። ውሃው እስከ ቀትር አናቱ ላይ ካልደረሰ ሥራው ለሌላ ተቋራጭ ይሰጣል፤ እሱ ደግሞ ኮረብታውን ትቶ መስመሩን ወደ ሜዳው ሊያዞረው ነው። የመሐንዲስነት ውሌ እድሳት በኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ፊርማ እየጠበቀ ተኝቷል። እስከዚያ ቤትሽ አረፍ በይ ተብዬ ነበር። ቤት ማረፍ ግን ለእኔ አይሆንም።

የፓምፕ ሠራተኛው ቅጽል ስሙ «ቀስ በቀስ» ነው። ቀስ ብሎ ማብሪያውን ተጫነ። ወለሉ ከጫማችን ሥር ተንቀጠቀጠ። ብዙም ሳይቆይ የግፊት መለኪያው ቀስት ሽቅብ ተተኮሰ፤ የፍሰት ቆጣሪው ግን ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ሊፈነዳብን ነው! ላጥፋው?»

«ዝቅ አድርገውና ትንሽ ታገሠኝ።»

ዓይኔን ጨፍኜ መስመሩን በሐሳቤ ተከትዬ ወጣሁ። አናቱ ላይ የአማቴ ግቢ አለ። ትናንት ሳያቸው ውሃ ድንገት መጥቶ እንዳይፈስባቸው ቧንቧቸውን ጥርቅም አድርገው ዘግተው ነበር። ሰፈሩ ሁሉ እንዲሁ ዘግቶ እየጠበቀ ነው! ባዶው መስመር ውስጥ ያለው አየር መውጫ አጥቷል። «ክፈቱ» የሚለው ማስታወቂያ በእኔ ፊርማ መውጣት ነበረበት፤ ፊርማዬ ደግሞ ከዘጠኝ ቀን ወዲህ አይሠራም።

ለአማት ለመደወል ግን ፊርማ አያስፈልግም።

«እማማ፣ ቧንቧውን ይክፈቱት!»

«ውሃው ሳይመጣ?»

«አየሩ ይውጣ! ጎረቤቶቹም ሁሉ ይክፈቱ።»

«ለእኔ ተይው ልጄ፣ ይኼ ሰፈር ጉሮሮዬን ያውቀዋል።»

ስልኩን ሳይዘጉ ወጡ። ጩኸታቸው ከአጥር አጥር ሲዘል ይሰማኛል። «ክፈቱ! ምራቴ ናት ያለችው! አንተ እንቅልፋም፣ ተነሥና ክፈት!»

«ወረደ!» አለ ቀስ በቀስ፤ በሕይወቱ እንደዚያ ቸኩሎ ተናግሮ አያውቅም። «ግፊቱ ወረደ! ቆጣሪው ዞረ፣ እይው!»

በስልኩ ረጅም ፉጨት መጣ። ቧንቧው ሳል ሳል፣ እንትፍ እንትፍ አለ። ከዚያ ውሃ ባዶ ባልዲ ሲመታ ሰማሁ፤ የሰፈሩ እልልታም ተከተለ።

«ይሰማሻል?» አሉኝ እማማ ስልኩን ወደ ባልዲው አስጠግተው።

«ይሰማኛል።»

«ያ ልጄ፣ ያ ባልሽ፣ ይህን ሳይሰማ ሞተ...»

«ባልዲው ሞላ እማማ» አልኳቸው። «ሌላ ያቅርቡ።»

ለቀትር ሠላሳ ደቂቃ ሲቀረው የውሃውን መድረስ መዘገብን። ኮረብታው መስመሩን አላጣም። ስወጣ ጠባቂው ፊቴን አይተው ሳቁ።

«ራስሽን አገኘሻት መሰለኝ?»

«ተገናኘን። ውሉ ግን እስካሁን አልተፈረመም፤ ነገም ይጻፉኝ።»

መዝገቡን ወደ እኔ አዞሩት። በነገው ገጽ፣ የመጀመሪያው መስመር ላይ፣ ስሜ ቀድሞ ተጽፏል።